መጠጥ ያቆመ ሰው ማታውን ከማን ጋር ያሳልፍ?

በአገራችን መጠጥ ለማቆም አንድም ቀን ያልሞከረ ጠጪ ማግኘት ይከብዳል። አንዱ ዐቢይ ጾም ሲገባ መለኪያውን ያስቀምጣል። ሌላው ስለት ይሳላል፤ ሌላው ጠበል ገብቶ ሱባዔውን ጨርሶ ይመለሳል፤ ሌላው ደግሞ ሐኪም «ጉበትህ ተጎድቷል» ሲለው ደንግጦ አንድ ሁለት ወር ጠብታ ሳይቀምስ ይከርማል። ሁሉም አቁመዋል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፈተናው የሚመጣው ካቆሙ በኋላ ነው። ጾሙ ይፈታል፤ ድንጋጤው ይበርዳል። ከሥራ ሲወጡ ያው ግሮሰሪ፣ ያው ወንበር፣ ያው ጓደኛ ወደ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ይጠብቃቸዋል። ለዓመታት ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሦስትና አራት ሰዓት መጠጥ ሲሞላው የነበረው ምሽት ባዶ ሆኗል፤ በምን እንደሚሞላ ግን ማንም አልነገራቸውም።

በዛሬው ዓምዳችን የምናወጋው ስለዚሁ ባዶ ምሽት ነው። በብዙ አገሮች ከመጠጥ ሱስ ለመላቀቅ የወሰኑ ሰዎች ተራ በሆነ ክፍል ውስጥ ወንበራቸውን ክብ አድርገው እየተሰበሰቡ እርስ በርስ ይደጋገፋሉ። እነዚህ የድጋፍ ቡድኖች ምን እንደሆኑ፣ እንዴት እንደሚፈለጉ፣ የመጀመሪያ ቀን ሲገቡ ምን እንደሚያጋጥም እናያለን።

ልማድ ነው ወይስ ሱስ?

«ልብ ካለው ይተወዋል» የሚለው የሰፈር ፍርድ ብዙ ሰው ከሕክምና እንዲሸሽ አድርጓል። የመጠጥ ሱስ ግን በሕክምናው ዓለም እንደ ሕመም የሚታይ፣ የሚመረመርና የሚታከም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በ2019 በዓለም ላይ 2 ነጥብ 6 ሚሊዮን ሰዎች ከአልኮል ጋር በተያያዘ ምክንያት ሞተዋል። 400 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከአልኮል አጠቃቀም ጋር የተያያዘ የጤና እክል ያለባቸው ሲሆን፣ ከእነዚህም 209 ሚሊዮኑ ያለ መጠጥ መዋል የማይችሉበት ደረጃ የደረሱ ናቸው። ይህን ሁሉ ሕዝብ «ልብ የሌለው» ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ሐኪሞች ሱስን ለመለየት ከሚጠቀሙባቸው መንገዶች አንዱ አራት አጫጭር ጥያቄዎች ናቸው። መጠጥ መቀነስ አለብኝ ብለው አስበው ያውቃሉ? ሰዎች ስለ መጠጥዎ ሲናገሩ ይበሳጫሉ? በመጠጣትዎ የጥፋተኝነት ስሜት ተሰምቶዎት ያውቃል? ጠዋት እጅዎ እንዳይንቀጠቀጥ ወይም ራስዎን ለማስተካከል ጠጥተው ያውቃሉ? ለሁለቱ እንኳ መልስዎ «አዎ» ከሆነ የጤና ባለሙያ ማነጋገር ይገባል። ልብ ይበሉ፣ ጥያቄዎቹ ውስጥ ስለ መጠጡ ዓይነት የተነሳ ነገር የለም። ጠላ «የቤት ነው»፣ ጠጅ «የማር ነው»፣ ቢራ «ቀላል ነው» ቢባልም ሰውነት የሚያውቀው አልኮሉን ነው።

በአንድ ጊዜ ማቆም ሲያሰጋ

ወደ ቡድኖቹ ከመሄዳችን በፊት ሕይወት የሚያድን አንድ ነገር መናገር አለብን። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የቆየ ሰው መጠጡን በአንድ ጊዜ ሲቆርጥ ለሞት ሊዳረግ ይችላል። ሐራራ የሚባለው ነገር በጫት ሲሆን ድብርትና እንቅልፍ ይሆናል፤ በአልኮል ሲሆን ግን መልኩ ይለያል። ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊከሰት ይችላል። በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል ደግሞ አንዳንዱ ሰው ቀንና ሌሊቱን መለየት ያቅተዋል፤ የሌለ ነገር ያያል፣ ትኩሳት ይይዘዋል። ይህ በጊዜ ካልታከመ ይገድላል።

እንዲህ ያለውን ሰው ቤተሰብ «ሰይጣን ነው» ብሎ አስሮ ሲያቆየው ውድ ሰዓታት ያልፋሉ። ጠበል መሄድም ሆነ ጾም መያዝ የሰውየው እምነት ነውና ማንም አይከለክለውም። ነገር ግን ጠዋት ሳይጠጣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው፣ ከዚህ በፊት መጠጥ ሲያቆም ራሱን ስቶ የወደቀ ሰው፣ ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ከመቁረጡ በፊት ሐኪም ዘንድ ይቅረብ። ሆስፒታሉ እንደ ዳያዚፓም ያሉ መድኃኒቶችን በመጠን እየቀነሰ በመስጠት እነዚያን ቀናት ያሻግረዋል፤ ታያሚን የሚባለውን ቫይታሚን ቢ1 ደግሞ አእምሮው እንዳይጎዳ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ የመጠጥ አምሮትን የሚቀንሱ መድኃኒቶችም አሉ።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እናንሳ። ዲሰልፊራም የሚባለው መድኃኒት ሰውየው አልኮል ሲቀምስ የሚያስታውክ፣ ፊት የሚያቀላና የደም ግፊት የሚያወርድ ነው። ይህን ክኒን ታማሚው ሳያውቅ ወጥ ውስጥ ወይም ሻይ ውስጥ መጨመር ሊገድለው ይችላል። ፈቅዶና አውቆ፣ በሐኪም ክትትል ብቻ የሚወሰድ መድኃኒት ነው።

ሕክምናው በቀናት፣ ቢበዛ በሳምንታት ያበቃል። ከሆስፒታል የወጣው ሰው ግን ከፊቱ ዓመታት አሉ።

ሁለት ሰዎች የጀመሩት

የእርስ በርስ ድጋፍ ስብሰባዎች ሲነሱ በዓለም ላይ በስፋት የሚታወቀው በእንግሊዝኛ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ተብሎ የሚጠራው ማኅበር ነው፤ ወደ እኛ ሲመለስ «ስማቸውን የማይገልጹ የመጠጥ ሱሰኞች» እንደማለት ነው። አጀማመሩን ማወቅ የስብሰባውን ምስጢር ለመረዳት ይጠቅማል። እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ1935 ቢል ዊልሰን የተባለ የኒውዮርክ የአክሲዮን ደላላ ለሥራ ጉዳይ አክሮን ወደምትባል የኦሃዮ ከተማ ሄደ። መጠጥ ካቆመ ወራት ብቻ ነበሩ። ሥራው ሳይሳካለት ቀርቶ ብቻውን በሆቴሉ መግቢያ ሲንጎራደድ ከመጠጥ ቤቱ የሚወጣው ጫጫታ ይሰማው ነበር። ያን ጊዜ ያደረገው ነገር ያልተለመደ ነበር፤ ስልክ አንስቶ በከተማይቱ ውስጥ የሚያነጋግረው ሌላ ጠጪ ይፈልግ ጀመር። አፈላልገው ያገናኙት ቦብ ስሚዝ ከተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጋር ነበር። ዶክተሩ ለአጭር ጊዜ ብቻ ላነጋግረው ብሎ የጀመረው ወግ ሰዓታት ፈጀ።

ዶክተር ቦብ ከዚያ በፊት ስለ መጠጥ ያልተነገረው ምክር አልነበረም፤ ራሱም ሐኪም ነው። ያን ቀን የተለየው ነገር የሚያናግረው ሰው ራሱ በዚያው መንገድ ያለፈ መሆኑ ነው። ማኅበሩ የተመሠረተበት ቀን ተብሎ የሚታሰበው ሐኪሙ መጠጥ ለመጨረሻ ጊዜ የተወበት ሰኔ ወር ነው። ዛሬ ስብሰባዎቹ ከመቶ በሚበልጡ አገሮች ይካሄዳሉ።

ይህ ነገር በእርግጥ ይሠራል ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በ2020 ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመረምር ተቋም 10 ሺህ 565 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 27 ጥናቶች ገምግሞ አንድ ውጤት አውጥቷል። ወደ እነዚህ ስብሰባዎች እንዲገቡ በባለሙያ ከተረዱት ሰዎች ከዓመት በኋላ 42 በመቶ ያህሉ ሙሉ በሙሉ ከመጠጥ ርቀው ሲገኙ፣ ሌላ ዓይነት የሥነ ልቦና ሕክምና ካገኙት ደግሞ 35 በመቶው ነበሩ። ቁጥሩ ተአምር አይደለም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዓመቱ ውስጥ መልሰው ቀምሰዋል። ነገር ግን ገንዘብ ለማይጠየቅበት እርዳታ ይህ ትልቅ ውጤት ነው።

በሩን ከፍተው ሲገቡ

ሰዎችን ከስብሰባ የሚያስቀረው አብዛኛውን ጊዜ ፍርሃት ነው። «ሰፈር ያውቅብኛል»፣ «አለቃዬን ባገኘውስ?»፣ «ፊት ለፊት ቁም ብለው ኑዛዜ ቢጠይቁኝስ?» የሚሉ ሐሳቦች ይመላለሳሉ። አለቃዎን ቢያገኙት እሱም እዚያ የመጣው በዚያው ጉዳይ ነው፤ የሚደብቀው ምስጢር አለው።

ስብሰባው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይቆያል። የሚመራው ራሱ ከመጠጥ ያገገመ አባል እንጂ ሐኪም ወይም አለቃ አይደለም። ሻይ ወይም ቡና ይኖራል። አጭር ጽሑፍ ይነበባል፤ ከዚያ በየተራ የፈለገ ሰው የመጀመሪያ ስሙን ብቻ ተናግሮ ስለ ራሱ ይናገራል። ሌላው ያዳምጣል፤ አያቋርጥም፣ አይገስጽም፣ «እንዲህ ብታደርግ ኖሮ» አይልም። ለእኛ ይህ እንግዳ ነው፤ በባህላችን ችግሩን የሚናገር ሰው ወዲያው ምክር ይዘንብበታል። በእነዚህ ክፍሎች ውስጥ ዝምታ የሚጠቅምበት ምክንያት ግን ጠጪው ምክሩን አስቀድሞ በቃሉ ያውቀዋል፤ የጎደለው ሳይፈርድ የሚሰማው ሰው ነው።

መናገር ግዴታ አይደለም። ስምን ተናግሮ «ዛሬ ላዳምጥ መጥቻለሁ» ማለት ይበቃል። ክፍያ የለም፤ መጨረሻ ላይ ለሻይና ለክፍል ኪራይ የሚሆን መዋጮ ቢጠየቅ በፈቃድ ነው። አባል ለመሆን የሚጠየቀው አንድ ነገር መጠጥ ለማቆም መፈለግ ብቻ ነው። ያን ቀን ቀምሶ የመጣ ሰው እንኳ ዝም ብሎ እስካዳመጠ ድረስ አይባረርም። ስብሰባዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ለሱሰኞች ብቻ የሆኑ ዝግ ስብሰባዎች አሉ፣ የቤተሰብ አባልም ሆነ ማንኛውም ሰው ገብቶ የሚያዳምጥባቸው ክፍት ስብሰባዎችም አሉ። ለፈራ ሰው ክፍቱ ጥሩ መጀመሪያ ነው።

ከስብሰባው ይልቅ ዋናው ነገር ከስብሰባ ወጥቶ ያለው ስልክ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። አዲስ ሰው ከቆየ አባል ጋር ይጣመራል፤ ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት። አምሮቱ ሲመጣ ቀድሞ ግሮሰሪ ይገባ የነበረው ሰው አሁን ይደውላል። አምሮት እንደ ማዕበል ነው፤ ይነሳል፣ ይጠነክራል፣ ይበርዳል። ያችን አጭር ጊዜ በወሬ ማሳለፍ ማለት ያን ምሽት ማትረፍ ነው። ለዚህም ነው በመጀመሪያዎቹ ወራት በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ መሄድ ብዙ ጊዜ የማይበቃው፤ የቆዩ አባላት ለአዲሱ ሰው ለዘጠና ቀን በየቀኑ እንዲመጣ ይመክሩታል።

የማኅበሩ ሥርዓት ፈጣሪን ያነሳል፤ የየትኛውም ሃይማኖት አይደለም፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በራሱ እምነት ይገባበታል። መንፈሳዊ አካሄድ የማይስማማው ሰው ደግሞ ከ1994 ጀምሮ የሚሠራውን ስማርት ሪከቨሪ የተባለውን፣ በሥነ ልቦና ዘዴዎች ላይ የቆመ ቡድን መሞከር ይችላል።

እዚህ የት ይገኛል?

መነሻው ጤና ተቋም ነው። በአዲስ አበባ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ በትላልቅ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። በክልል ከተሞች ያለ ሰው በአቅራቢያው ካለው ጤና ጣቢያ ቢጀምር ወደሚቀጥለው ደረጃ ይላካል። ካርድ አውጥተው ሲገቡ «ከመጠጥ ሱስ ለማገገም እፈልጋለሁ፤ ከሕክምናው በኋላ የምሳተፍበት የድጋፍ ቡድን አለ?» ብለው በግልጽ ይጠይቁ። ሐኪሙ ሥራ ከበዛበት ማኅበራዊ ሠራተኛዋን ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያውን ይጠይቁ፤ ቡድኖችን የሚያውቁት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። የግል የማገገሚያ ማዕከላትም ታካሚዎቻቸው ከወጡ በኋላ የሚሰበሰቡበት ቀን ሊኖራቸው ይችላል። እንግሊዝኛ ለሚችልና ኢንተርኔት ላለው ሰው በስልክ የሚካሄዱ ስብሰባዎች በቀን በየትኛውም ሰዓት አሉ፤ ምስልን ዘግቶ ማዳመጥም ይቻላል። በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ በየከተማቸው፣ ብዙ ጊዜ በአብያተ ክርስቲያናት ምድር ቤት፣ ስብሰባ ያገኛሉ። በሰፈር መታየት ያስፈራው ሰው ሁለት ታክሲ ይዞ ሌላ ሰፈር ያለውን ይምረጥ።

ስለ ቡድኑ ጥቂት ነገር ማጣራት አይከፋም። «በሳምንት እናድንሃለን» የሚል፣ ከፍ ያለ ገንዘብ አስቀድሞ የሚጠይቅ፣ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት «ጣለው» የሚል ወይም በስብሰባ የተነገረውን በሞባይል የሚቀርጽ ቡድን ከሆነ ጥሎ መውጣት ነው። በተረፈ አንዱ ቡድን ካልተስማማ ሌላ መሞከር ይገባል፤ አንድ ቀን ሄዶ «አይሆነኝም» ማለት በአንድ ጉርሻ ምግቡን እንደመፍረድ ነው።

ሴቶች ተጨማሪ ሸክም አለባቸው። ወንድ ሲሰክር «ጠጪ ነው» ይባላል፤ ሴት ስትሰክር ስሟ ሌላ ነው። ስለዚህ በጓዳ፣ በር ዘግተው ይጠጣሉ። ኑሯቸውን በጠላና በአረቄ ሽያጭ የሚገፉ እናቶች ደግሞ መጠጡ ከእጃቸው አይጠፋም፤ «ተይው» ማለት ለእነሱ እንጀራቸውን ተዪ ማለት ነው። ለእንዲህ ያለችው ሴት ቡድኑ ሌላ የገቢ መንገድ እንድታስብ አብሮ ካልረዳ ብቻውን አይዘልቅም። የሴቶች ብቻ ስብሰባ ካለ እሱን መምረጥ ንግግሩን ያቀለዋል።

ወጣቶች ዘንድ ደግሞ መጠጡ ብቻውን አይመጣም። ከሰዓት ጫት ይቃማል፤ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይጠጣል። ጫቱን እንደያዘ መጠጡን ብቻ ለመተው የሚታገል ሰው በየቀኑ ራሱን ወደ ግሮሰሪው እየመራ ነው። በስብሰባው ላይ ሁለቱንም ማንሳት አለበት።

«በሞቴ» ሲባል

በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የመጠጥ ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ወጥቷል፤ ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ መሸጥም ተከልክሏል። የጎረቤትን «በሞቴ» ግን አዋጅ አያስቀረውም። ሰርግ፣ ክርስትና፣ ማኅበር፣ ተዝካር ሁሉ ጽዋ አለበት፤ እምቢ ማለት እንደ ንቀት ይቆጠራል። ያገገሙ ሰዎች በስብሰባ ላይ ከሚለዋወጡት እጅግ ጠቃሚ ነገር አንዱ ይህን ማለፊያ ዘዴ ነው። «መድኃኒት ላይ ነኝ» የሚለው መልስ ክርክር አያስከትልም፤ ውሸትም አይደለም። ብርጭቆው በለስላሳ ወይም ባልፈላ ብርዝ ሞልቶ እጅ ላይ ከተያዘ ደግሞ የሚቀዳ ሰው አልፎ ይሄዳል። ለመጀመሪያው ዓመት ግብዣ ላይ ቀድሞ ሄዶ፣ መብል ቀምሶ፣ ጠጪው ሳይሞቅ መውጣት ይሻላል።

ቤተሰብም ድርሻ አለው። የግሮሰሪ ዱቤ የሚከፍል ወንድም፣ ለመሥሪያ ቤት «አሞታል» ብላ የምትደውል ሚስት፣ በፍቅር ቢያደርጉትም ሱሱን እያደላደሉት ነው። የሱሰኞች ቤተሰቦችም የራሳቸው ስብሰባ አላቸው፤ አል-አኖን የሚባለው ማኅበር ከ1951 ጀምሮ ለዚሁ ይሠራል። ሚስት ባሏ እስኪያቆም ድረስ ሳትጠብቅ ለራሷ እርዳታ መፈለግ ትችላለች።

ያገረሸበት ሰው ከስብሰባ መቅረት ይጀምራል፤ ፊታቸውን በምን ዓይን አያለሁ ይላል። መምጣት ያለበት ግን በዚያን ጊዜ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ስኳሩ ከፍ ሲል ወደ ሐኪሙ ይመለሳል እንጂ አይደበቅም።

ቡድን በሌለበት ከተማ ያለ ሰው ምን ያድርግ? ሁለት ሰዎች ስብሰባ ናቸው፤ አክሮን ላይም የተጀመረው በሁለት ነው። ከሕክምና የወጡ ሁለት ሦስት ሰዎች ባለሙያው አገናኝቷቸው ከጤና ጣቢያ ወይም ከዕድር አዳራሽ አንድ ክፍል ቢጠይቁ ይበቃል። ከእኛው ማኅበር የሚወሰድ ጥሩ ልማድ አለ፤ አንድ አባል ሲቀር «ምነው ቀረ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም። ቀኑና ሰዓቱ አይለዋወጥ፤ ሰዓቱም ቀድሞ መጠጥ የሚጀመርበት፣ ከሥራ መልስ ያለው ሰዓት ይሁን። የተነገረው ከክፍሉ እንዳይወጣ በመጀመሪያው ቀን ይስማሙ፤ ስልክ ይለዋወጡ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ሰው መቅረቱ አይቀርም። አንድ ሰው ብቻ ቢመጣም ክፍሉን ከፍቶ፣ ሻዩን አፍልቶ፣ እስከ ሰዓቱ መጨረሻ መቀመጥ ነው፤ ያን ቀን መንገድ ላይ እያመነታ የቆመ ሰው በሩ ክፍት መሆኑን አይቶ ሊገባ ይችላል።